«ሎሚ ይበቃዋል» ብዬ ነበር

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

መቶ ሰማንያ አምስት በመቶ አምስት። የአባቴን ግፊት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ሦስተኛ ልለካ ስል አባ ክንዳቸውን ሰበሰቡና፣ ይህ ፊኛ እንደ ሰው ይዋሻል ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

እኔም መሣሪያው ይሆናል አልኩ። ታናሽ እህቴ ለፋሲካ ስትመጣ ገዝታ ያመጣችው ነው፤ ባትሪው አልቆ ይሆናል። ባትሪውን ቀይሬ ራሴን ለካሁ። መቶ ሃያ። አልዋሸም።

ታዲያ ምን ሆነው ነው? ሐምሌን ሙሉ መቶ አርባን አላለፈም ነበር። ኪኒናቸው አለ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት እኔው ነኝ ከመድኃኒት ቤት ያመጣሁላቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እስከ ቅዳሴ መውጫ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ፣ ውኃ እንኳ በአፋቸው ሳይዞር ለተማሪዎቻቸው ዜማ ሲነግሩ ይውላሉ። ለዘንድሮ ፍልሰታ እንኳ ቀለል ያድርጉት ብላቸው የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ፤ «አንቺ ሎሚሽን ሽጪ» ነው።

መሪጌታ አድማሱን ጎንደር ውስጥ ስንቱ «የኔታ» እያለ ይሰማቸዋል። እሳቸው ግን እኔን ሰምተው አያውቁም። ቆብ ያድርጉ ስላቸው አውልቀው ይሄዳሉ። ዝናብ ነው ባጃጅ ልጥራ ስላቸው በእግራቸው ይነሣሉ። መነጽር ይቀይሩ ካልኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ሁለታችን ብቻ ነን፤ በአርባ አንድ ዓመቴ አንዲት ምክሬ እንኳ ጆሯቸው ገብታ አላየሁም።

አንድ ነገር ብቻ ገርሞኛል። ጾሙ የገባ ዕለት ማታ ራሳቸው «ያን ሎሚሽን ከነጭ ሽንኩርት ጋር አምጪልኝ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየማታው ይጠጣሉ። ለኪኒኑ አጋዥ ፈልገው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ከሁለት ሎሚ ወደ አራት አሳደግሁት። ፊታቸውን አጨማድደው ጠጡት።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ዝናቡ ገበያውን በተነው። ሎሚዬ ላይ ላስቲክ አልብሼ፣ ዛሬ ስለ ሎሚ ለስንት ሰው ምን ምን እንዳልኩ ቆጠርኩ።

ለነፍሰ ጡሯ፦ ምስሩም ጎመኑም ላይ ጭመቂበት፣ የምግቡን ብረት ሰውነትሽ እንዲይዘው ያግዛል። (ይህን ከጤና ኤክስቴንሽኗ ነው የሰማሁት።)
ድዱ ለሚደማው መምህር፦ ውኃ ውስጥ ጨምቀህ ጠጣ፤ ጥርስህን በልጣጩ አትፈትግ።
ለሳል፦ ሞቅ ባለ ውኃ፣ ከማር ጋር።
ለፎረፎር፦ ተቀቢው፣ ግን ፀሐይ ላይ አትውጪበት።
ማኪና ለሚያዞራት ልጅ፦ ልጣጩን ፈተግ አድርጊና እያሸተትሽ ሂጂ።
ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለዓሣ ሽታ፣ ለመጋኛ፣ ለሰነፍ ሆድ።
ለደም ግፊት፦ ያው።

«ያው» የምለው ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ደም ያቀጥናል ያልሰማ ጎንደሬ የለም። ዛሬ ግን አንዱ ሲጠይቀኝ ሎሚውን ብቻ ቆጥሬ ሰጠሁት። ቤቴ ያሉት አባቴ በአራት ሎሚም አልበረደላቸው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እኔ ነኝ።

ማታ መቶ ሰማንያ ስምንት። ሆዴን ያቃጥለኛል አሉ። ሎሚው እየጠረገ ነው አልኳቸው። ከአፌ እንደወጣ ራሴም አላመንኩትም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ገበያው ደምቆ ዋለ። ከጠዳ የመጣው ሎሚ ትንሽ ነው እንጂ ልጣጩ ስስ፣ ውኃው ብዙ ነው። ሰዉ ለፍልሰታ በዓል ከአሁኑ ይገዛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪመሽ እቆይ ነበር፤ ዛሬ አልቻልኩም፣ በስምንት ሰዓት ቤት ገባሁ።

አባ መደብ ላይ ቁጭ እንዳሉ አንቀላፍተዋል። ሲነቁ እጃቸውን በፊታቸው ላይ አወናጨፉ። «ምነው ይህ ዝንብ» አሉ። ዝንብ የለም። ፈለግሁ፣ አንድም ዝንብ የለም።

መቶ ዘጠና ሁለት። ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳቸው። ከፍልሰታ በኋላ አሉኝ። ለመንኳቸው፤ ዳዊታቸውን ገለጡ። ዳዊት ከተገለጠ ወሬ አበቃ ማለት ነው።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ውሰጃቸው አለችኝ። ውሰጃቸው ማለት ከሩቅ ሆኖ ቀላል ነው። ተሸክሜ አልሄድ ነገር።

ፈራሁ። እዚህ ላይ ለራሴ ብቻ ልጻፈው፤ በጣም ፈራሁ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ወደቁ።

ከቅዳሴ መልስ፣ ገና አውደ ምሕረቱ ላይ ሳሉ ነው። ተማሪዎቻቸው እንደሚሉት መጀመሪያ ጸናጽሉ ከእጃቸው ወደቀ፣ ከዚያ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ከዚያ ጋደም አሉ። እኔ ከሴቶች በር በኩል ነበርኩ። ተማሪዎቹ ደጋግፈው ሲያወጧቸው አየሁ፤ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ሁለቱንም እጅዎን ያንሡ አልኳቸው፤ አነሡ። ስሜን ይንገሩኝ አልኳቸው። «ስንዱ፣ አትጩኺ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው» አሉኝ። አንደበታቸው ደህና ነው ብዬ ከጎናቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው፤ ተረኛዋ ሲስተር ለካቻቸው። ቁጥሩን አልነገረችኝም፣ ዓይኗ ግን ነገረኝ። የትኛውን መድኃኒት ነው የሚወስዱት ስትል ወደ ቆዳ ቦርሳቸው አመለከቱ። ያን ቦርሳ ከእሳቸው በቀር ማንም አይከፍተውም፤ እኔ እንኳ አቧራውን በላዩ ነው የምጠርገው። ዛሬ ከፈትኩት። ኪኒኑ ከዳዊቱና ከዜማ ደብተራቸው መሃል ነበር። አንዲት ፍሬ አልጎደለችም። እንዳመጣሁት ነው።

ሲስተሯ አላኮረፈችም፣ አልተቆጣችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «አባታችን፣ ይህን ለምን ተዉት?» አለቻቸው።

«የተጻፈው ጠዋት ጠዋት ይላል» አሉ። «በጾም ጠዋት አፌን አልፈታም። የተጻፈውን መለወጥ ደግሞ የእኔ ሥልጣን አይደለም፤ የሐኪሙ ነው።»

«ታዲያ ባዶ እጅዎን ቀሩ?»

«ለምን እቀራለሁ? ሎሚ ጠጥቻለሁ። ስንዱ ኪኒን አያስፈልግም፣ ሎሚ ይበቃል ብላለች።»

መቼ አልኩ? ለእርስዎ መቼ አልኩ? ጮኼ ነው የጠየቅኋቸው መሰለኝ። እሳቸው ግን በእርጋታ ነገሩኝ። ሐምሌ ሃያ ስድስት ቅዳሜ ወረቀት ሊገዙ ገበያ መጥተው ነበር። ዝናብ ሲጥል ከእኔ ድንኳን ጀርባ ተጠለሉ። ሥራዬን ላለመፍታት ብለው አልጠሩኝም። እዚያ ቆመው፣ ለአንዲት ከኮሶዬ ለመጣች ሴትዮ፣ ባለቤቷ ግፊት እንዳለበት ስትነግረኝ ያልኳትን ሰሙ።

ሲስተሯ ሐኪሙን ጠርታ ተማከረች። መልሱ ያለቀው በሁለት ደቂቃ ነው። ይህ ኪኒን በቀን አንዴ ነው፤ በጾም ከቅዳሴ መልስ፣ ማዕድ ሲቀርብልዎ ይውሰዱት፤ ሰዓቱ አንድ ይሁን እንጂ ጠዋት መሆኑ ግዴታ አይደለም። ሐኪሙ በእጁ «ጠዋት» የሚለውን ሰርዞ «ከቅዳሴ በኋላ» ብሎ ጻፈላቸው። አባ ጽሑፉን ተቀብለው ሁለቴ አነበቡ። ከዚያ ዋጡ። አሥር ቀን የታመምንበት ነገር አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚፈልገው።

ለእኔም ሲስተሯ ለብቻዬ ነገረችኝ። ሎሚውን አትጣይው አለችኝ፤ ቫይታሚን አለው፣ ደግ ነገር ነው። ግን ግፊትን የሚይዘው ኪኒኑ ነው። ቀኑን ሲጾም በዋለ ሆድ አራት ሎሚ ጨጓራቸውን ነው ያቃጠለው። ይልቅ ወጡ ላይ ጨዉን ቀንሺና በሎሚ አጣፍጪላቸው። አንዱ ጎን ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን በዚያች ደቂቃ ይዘሻቸው ነይ።

እስከ አሥር ሰዓት አስተኝተው ለቀቁን። መቶ ሰባ አምስት።

ሰኞ፣ ነሐሴ 12

እንቅልፍ የለም። የኮሶዬዋ ሴትዮ በሐሳቤ መጣችብኝ።

ያን ቀን ዝናቡ ሊጥል ነበር፣ ሎሚው ተቆልሏል፣ እኔ ቤቴ መግባት ፈልጌያለሁ። ባለቤቷ በግፊት ከታመመ ሁለት ዓመቱ እንደሆነ ነገረችኝ። አንድ ቁና ሙሉ ሎሚ ሞላሁላት። ከዚያ፣ «እንግዲያ ኪኒኑን ልተውለት?» አለችኝ። እኔ ደግሞ፣ «ተይው፣ ሎሚ ይበቃዋል» አልኳት። እንዲሁ። ሳላስብ። ራስ ሲመለጥ፣ አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም የሚሉት ይህ ነው።

አባቴስ ቤቴ ናቸው፤ ወደቁ፣ አነሣኋቸው። የዚያች ሴት ባል ቢወድቅ ከኮሶዬ እስከ ሐኪም ማን ያደርሰዋል? በዚህ ጭቃ?

የማውቀው፦ ዕድሜዋ ሃምሳ ገደማ። የፊት ጥርሷ አንዱ የለም። አረንጓዴ ጃንጥላ። ስሟን አልጠየቅሁም።

ከሰዓት መናኸሪያ ሄጄ የደባርቅ መስመር ሾፌሮችን ጠየቅሁ። አንዱ፣ ኮሶዬ ላይ ጃንጥላ የሌላት ሴት ካገኘሽ እሷን አሳዪኝ ብሎ ሳቀብኝ። ቢሆንም እዚያ ምሳ ለመብላት የሚያቆሙ ናቸውና መልእክቴን ሰጠኋቸው፦ ጎንደር ገበያ ሎሚ የገዛሽው፣ የባልሽን ኪኒን እንዳታስተዪው፣ ሎሚ ሻጯ ተሳስቻለሁ ብላለች። ሾፌሩ «ሎሚ ሻጭ ተሳስቻለሁ ስትል የመጀመሪያዬ ነው» አለ። ለእኔም የመጀመሪያዬ ነው።

አባ መቶ ስድሳ ስምንት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር እኔ እደነግጣለሁ፣ አባ ይስቃሉ።

ዛሬ ምስር ወጡን ያለ ጨው ሠራሁት። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አበዛሁበት፣ ሊወርድ ሲል ሎሚ ጨመቅሁበት። አቀረብኩ። ሁለት ጉርሻ ጎረሱና፣ «ዛሬ ወጥሽ ነቅቷል» አሉ። ጨው የለውም ብል ያቆሙት ነበር፤ አፌን ያዝኩ። አፍ መያዝም እየለመድኩ ነው።

መቶ ስድሳ። ከኮሶዬ ወሬ የለም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 14

አንድ ሽማግሌ ለግፊት ብለው ሎሚ መረጡ። ኪኒንዎን አይተዉ፣ ሎሚውን ለወጥ ያድርጉት አልኳቸው። ቅር አላቸው። ታዲያ ለወጥ ከሆነ ቤቴ ቆምጣጣ ሚስት አለችኝ ብለው መለሱልኝ። ጎረቤቴ ቲማቲም ሻጭዋ ሳቀች። አንቺ ልጅ፣ በዚህ አያያዝሽ ሎሚሽ ይበሰብሳል አለችኝ። ይበስብስ።

መናኸሪያ ደግሜ ሄድኩ። ሾፌሩ ለሁለት ምግብ ቤት ነግሬያለሁ አለኝ። አንዷ ሴት፣ ባለፈው ሳምንት ኮሶዬ ላይ ሰው ተቀብሯል ብላዋለች። ምን ሆኖ እንደሞተ አልጠየቃትም። ወንድ ነው ሴት? እሱንም አልጠየቀም። ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ግማሽ ወሬ ይዞ ይመጣል?

የአባ መቶ ሃምሳ ስድስት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ የሾፌሩን ግማሽ ወሬ ነው የማመላልሰው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ለነገው በዓል ልቁም አሉ። ሲስተሯ ማረፍ አለባቸው ብላለች። እኔ ምንም አልኩ ምን አይሰሙም ብዬ ለከፍተኛ ተማሪያቸው ነገርኩት። እሱ መጥቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠና፣ የኔታ፣ ሌሊቱን እኛ እንቁመው፣ እርስዎ ሲነጋ መጥተው ወንበር ላይ ሆነው ያርሙን አላቸው። መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ይህ የእሳቸው እሺ ነው።

በመደርደሪያው ላይ የቀረውን ሎሚ አየሁና ተነሥቼ ወደ ጓዳ ከተትኩት። ማየት አልፈለግሁም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ሲነጋ ሄዱ። ቆብ አድርገው ሄዱ! እኔ አላልኩም፣ ራሳቸው ናቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ድምፃቸው ከሌሎቹ ተለይቶ ይሰማ ነበር። ትንሽ ቀጥኗል፤ ግን አልተቆረጠም። የሴቶች በር ላይ ቆሜ ከዜማው ይልቅ ትንፋሻቸውን ስሰማ ነበር።

መቶ ሃምሳ። ኪኒኑን ከቅዳሴ መልስ፣ ማዕድ ላይ ዋጡ።

ዓርብ ስለሆነ የምንፈስከው ነገ ነው፤ ዶሮውን በሎሚ ሳጥብ ያችን ሴት አሰብኩ። ዛሬ እሷ ቤት ዶሮ አለ? ወይስ ልቅሶ? ማዕድ ላይ የጠቀለልኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። አባ አዩኝና ምነው ልጄ አሉኝ። የኮሶዬዋን ሴት ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ዳዊት ይገልጣሉ ብዬ ነበር። አልገለጡም። ስለ ሰውዬው አብረን እንጸልይ አሉኝና፣ ስሙን ሲጠይቁኝ አላውቅም አልኩ። ያለ ስም ጸለይን።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 17

መጣች።

አራት ሰዓት ላይ ነው። አረንጓዴውን ጃንጥላ ከሩቅ አየሁት። ጥቁር ለብሳለች ወይ ብዬ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ነጭ ነው የለበሰችው። በሎሚው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምነው እህቴ» አለችኝ፣ «ለማኪናው ሁሉ መልእክት ትልኪብኛለሽ አሉ። ሰዉ ሁሉ ሲያየኝ ሎሚ ሎሚ እያለ ገደለኝ።»

ባልሽ እንዴት ነው አልኳት።

«ያ ሰው ምን ይሆናል። ሎሚሽን አንድ ቀን ጠጣና ጥርሴን አጠረሰኝ ብሎ ተወው። ኪኒኑን መች ተወ! የቀረውን ሎሚ ትናንት ለፍስኩ ዶሮ አጠብንበት። ሸጋ ሎሚ ነው፣ ቆዳው ደረቀ እንጂ ውኃው አለ።»

የተቀበረውስ ማን ነው ብላት፣ የዘጠና ዓመት አሮጊት ናቸው አለችኝ። ዕድሜ ጠግበው።

ኪኒኑን ተይው ስልሽ አላመንሽኝም ነበር? አልኳት። ተገረመችብኝ። «ምን ነካሽ እህቴ፣ የገበያ አፍ ነው እንጂ። ሻጭ ሸቀጧን ታሞግሳለች፣ ገዢ የራሱን ያስባል።» ደግሞ ሎሚ መረጠች። ለወጥ ነው አለችኝ።

ሳቅሁ። ዕንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፣ ቲማቲም ሻጭዋም ምን ሆና ነው እያለች። ከዚያ ሳቁ ቀረ። በዚህ ገበያ ስንት ዓመት ለስንት ሰው ስለ ሎሚ ተናገርኩ፤ ሁሉም የሻጭ ወሬ ነው ብሎ ግማሹን እየጣለ ይሄድ ነበር። እንደ ቃል የቆጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ምክሬ ጆሯቸው አይገባም ብዬ ስማረርባቸው የኖርኩት አባቴ። የሰሙኝ በዚያች ቃል ነው። የሰሙኝ ስዋሽ ነው።

ቤት ስገባ ለአባ ነገርኳቸው፤ ሰውዬው ደህና ነው፣ ሎሚውን ዶሮ አጥበውበታል። «ተመስገን» አሉ። ጥርሳቸውን በምላሳቸው ዳሰሱና ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ለካስ የእሳቸውም አጥርሶ ነበር።

መቶ አርባ ስድስት። ነገ ይወጣል ይወርዳል፣ አላውቅም። የሚቀጥለው ረቡዕ ሲስተሯ ዘንድ ቀጠሮ አለን።

ማዕድ ላይ ኪኒኑን ከውኃ ጋር አቀረብኩላቸው። በመዳፋቸው ይዘው አዩት።

«ይህ የሐኪሙ ቃል ነው» አሉ።

«አዎ፣ የሐኪሙ ነው።»

ከዚያ እንደ ተማሪ ቀና ብለው አዩኝ። «እስቲ አንቺም በይኝ» አሉ።

ይህን ያህል የከበደኝ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

«ይዋጡት፣ አባ» አልኳቸው።

ዋጡት።